ስዩም እና ሦስተኛው ጉልቻ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መርሳ። ይህን የጻፍኩት እኔ ልዑል አስናቀ ወልደየስ ነኝ፤ ሥራዬ ጎሚስታ ነው። የሚከተለው የስዩም መንግሥቴ ታሪክ ሲሆን፣ ነገሩን ያዩትን ሰዎች ለየብቻ ጠይቄ ቃላቸው የገጠመውን ብቻ አስቀርቻለሁ።

ስዩም የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው። የተወለደው ከወልድያ በላይ፣ ጉባ ላፍቶ ደጋ ላይ ነው፤ እንጀራውን የሚበላው ግን ታች ሀብሩ ወርዶ በትራክተር ነው። ትራክተሩም ሆነ ከኋላው የሚጎተተው የእህል መውቂያ ማሽን የእሱ አይደሉም፤ የገበሬዎች ማህበር ንብረት ናቸው። ቁልፉን ከማተቡ ጋር በአንድ ላይ አንገቱ ላይ ስላንጠለጠለው ግን፣ ከጊዜ ብዛት የማን መሆናቸውን ረስቶታል። የንስሐ አባቱ አንድ ቀን «ከሁለቱ የሚበልጥብህ የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ስዩም ጥቂት አሰብ አድርጎ ነው የመለሰው ይባላል።

ሙያውን የተማረው በጉርምስናው ለአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ነው። የዚያ መኪና ፍሬን ከሹፌሩ ጋር የተኳረፈ ነበር። ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ይወሽቃል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሮጦ ይንጠለጠላል። ድንጋዩን ላንሳ ያለ ረዳት ቀረ ማለት ነው፤ ሹፌሩ ለድንጋይም ለረዳትም የሚቆም ሰው አልነበረም። ስዩም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲሪንቃ አጠገብ፣ ጨዋ ልሁን ብሎ ድንጋዩን ከመንገድ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል መኪናው የለም። እስከ ወልድያ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስዩም ያስቀመጠውን ድንጋይ አንስቶ አያውቅም። ወልድያና መርሳ መካከል ባለው አስፋልት ላይ እሱ ያልተወው ድንጋይ ካለ፣ ከተራራ ተንከባሎ የመጣ መሆን አለበት።

የማህበሩ ሊቀመንበር አቶ ሀብቴ ይህን ጠባዩን ለብዙ ጊዜ ታገሡት። ነገሩን ያከረረው ያለፈው ዓመት ጉዳይ ነበር። ስዩም የመውቂያውን የገለባ መትፊያ ሳያጥፍ መርሳ ከተማ ገባና፣ የአንዲት ሻይ ቤት የጥላ ሸራ ነቅሎ ከተማውን አሻገረው። ሸራው ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ከሥሩ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ሸራውን ተከትለው ሮጡ። መትፊያው ተጣመመ። ማህበሩ ተሰብስቦ ወሰነ፤ ማሽኑ አንድ ተጨማሪ ጉዳት ይዞ ከተመለሰ ስዩም ቁልፉን ያስረክባል። ተተኪው ተዘጋጅቷል። ናትናኤል የሚባል፣ ከወልድያ የሥልጠና የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የሚለብስ ልጅ ነው። ስዩም ያን ሰደርያ ባየ ቁጥር ቁልፉን በሸሚዙ ላይ ይዳብሳል።

ኅዳር 25 ቀን አቶ ሀብቴ ስዩምን ጠርተው ትእዛዛቸውን አንድ በአንድ ነገሩት። በማግስቱ ከሲሪንቃ ወዲህ ያለ የአንድ አዛውንት ማሽላ ሊወቃ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የግራና ገበሬዎች ይጠብቃሉ።

«የገለባ መትፊያው ይታጠፋል፣ ይታሰራል» አሉ። «ከመጎተቻው ፒን ሌላ ሰንሰለት ይደረጋል። ከኋላ ቀይ ጨርቅ። ማሽኑ ላይ ሰው አይጫንም፤ ሙሽራም ቢሆን። ሲቆም ደግሞ ታኮ።» ከአናጢ ያሠሯቸውን፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ ሁለት የእንጨት ታኮዎች አስረከቡት። «ከእንግዲህ ድንጋይ እንዳላይ፣ ስዩም።»

«ጋሽ ሀብቴ፣ ድንጋይ ግን ምን አደረገዎት?»

«እኔን ምንም። የአማቼን ባጃጅ ግን ገልብጧል።»

«የኔ ድንጋይ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ከጎኑ የአንተ የበሶ ላስቲክ ወድቆ ነበር።»

ስዩም ታኮዎቹን ቤቱ ወሰደ። ስህተቱም ይኸው ነበር። ሚስቱ አስካለ የቤቷ በር ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተላተመ ያስመረራት፣ ቁም ሳጥኗም በአንድ እግሩ የሚያነክስባት ሴት ናት። ቀያዮቹን ታኮዎች ባየች ጊዜ ማህበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ለቤተሰቡ ያደረገው የመጀመሪያው በጎ ነገር መሰላት። አንዱን ከበሩ ሥር፣ ሁለተኛውን ከቁም ሳጥኑ ሥር ወሸቀችው።

ጠዋት ስዩም ቁርሱን በልቶ ሲነሳ፣ «ታኮዎቹስ?» አለ።

«የትኞቹ?»

«ቀዮቹ ናቸዋ! የማህበሩ።»

«በሩን ይዘዋል። እንካ ውሰዳቸውና ነፋሱን አንተ ቆመህ ያዘው!»

ስዩም ከአቶ ሀብቴ ይልቅ አስካለን ይፈራል፤ በዚህ ረገድ ከመርሳ ባለትዳሮች የተለየ አይደለም። አስካለ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ስትወጣ ግን ዓይኑ ምድጃው ላይ አረፈ። እሳቱ ጠፍቷል፣ ድስቱ ወርዷል፣ ሦስቱ ጉልቻዎች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። አንደኛው በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ለድስት ሳይሆን ለጎማ የተፈጠረ ይመስላል። አቶ ሀብቴ የከለከሉት ድንጋይ ነው፤ ይህ ደግሞ የቤት ዕቃ ነው ሲል ራሱን አሳመነ። በጆንያ ጠቅልሎ ከትራክተሩ መቀመጫ ሥር ከተተው። ማታ ሊመልሰው ነበር ሐሳቡ።

መውቂያውን ከትራክተሩ ጋር ሲያያይዝ፣ ፒኑ ዘሎ እንዳይወጣ የምትይዘው ትንሿ መቆለፊያ ጠፍታለች። በምትኩ ሽቦ ጠመዘዘበት። ሰንሰለቱን አየው። «ውሻ ነው እንዴ የማስረው?» ብሎ እንደተጠቀለለ ተወው።

ከመርሳ ወጥቶ ወደ ሲሪንቃ በሚያወጣው ዳገት አጋማሽ ላይ ከኋላው ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ፒኑ ሽቦዋን እየገፋ ሊወጣ ደርሷል። ስዩም እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆመ። እንደ ረዳትነቱ ዘመን ዘሎ ወረደ፤ ጉልቻውን ከመውቂያው የግራ ጎማ በስተኋላ፣ መንገዱን ለሁለት በሚከፍለው ነጭ መሥመር አጠገብ ወሸቀ፤ ፒኑን በመዶሻ ደልቆ መለሰ፣ ሽቦ ጨመረበት፣ ተመልሶ ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ እጁም ልቡም ወደፊት ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ያየ ረዳት በእግሩ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ አብዱልሐሊም የሚባለው የመርሳ ባጃጅ ነጂ እየወረደ አገኘው። «ጋሽ ስዩም!» ብሎ ጮኸ፤ «ድንጋይህን አንሳ እንጂ!»

«አንተ ምን አገባህ? አስፋልቱን አንተ ነህ የጋገርከው?»

«ሰው ይገለበጣል!»

«ዓይን ያለው አይገለበጥም!» አለና ማርሹን ለውጦ ወጣ።

ማሽላው የአቶ ኡበይደላ ነበር። ሰባ ዓመት የተሻገሩ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ንግግራቸውም ዓይናቸውም ያልደከመ ሰው ናቸው። ማሽላቸው እስከ ስምንት ሰዓት ተወቅቶ አለቀ። ስዩም ሊሄድ ሲል አዛውንቱ ትራክተሩንና መውቂያውን ዞረው አዩ፤ በዱላቸውም የተጠቀለለውን ሰንሰለት ነካ አደረጉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰንሰለት ነው አባባ።»

«ሰንሰለት መሆኑንማ አያለሁ። ለምን አልታሰረም?»

«ፒኑ ይበቃዋል። አይጨነቁ።»

«ላንተ መች ተጨነቅሁ? በዚህ መንገድ የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ።» ዱላቸውን አስቀምጠው በርከክ አሉና፣ ቢስሚላህ ብለው ሰንሰለቱን ከትራክተሩ ወደ መውቂያው በራሳቸው እጅ አሰሩት። ጎትተው ሞከሩት። «በሬ እንኳ ስሸጥ ገመዱን የማስረው ራሴ ነኝ። አሁን ሂድ።»

ስዩም ሳቀ። ሰንሰለቱን ከፈታው አዛውንቱ ያዩታል፤ ስለዚህ እንደታሰረ ተወው። ሲመለስ፣ ያንን ዳገት አሁን ቁልቁል ሲወርድ፣ ከፊቱ በነጩ መሥመር አጠገብ አንድ ድንጋይ ተቀምጦ አየ።

ንዴቱ ከልብ ነበር። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው ይህን እዚህ የተወው!» አለ ለብቻው። «እናት አባት የሌለው! መንገድ መሆኑን አያውቅም?» መሪውን በጥበብ ወደ ቀኝ ሳብ አደረገና የትራክተሩን ጎማ ከድንጋዩ በአንድ ስንዝር አሳለፈው። ለአፍታ በራሱ ሹፌርነት ተደሰተ።

መውቂያው ግን ከትራክተሩ ይሰፋል፤ በየጎኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት የጎተተውን ማሽን ስፋት ስዩም ያስታወሰው ከኋላው እንደ መድፍ ሲጮህ ነው። የግራው ጎማ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ፈነዳ፤ ሽቦዋ ተበጠሰች፤ ፒኑ ተፈናጥሮ ወጣ፤ የመጎተቻው ብረት አስፋልቱን እየፋቀ እሳት ረጨ። ያ ሁሉ ብረት ቁልቁል ሊለቀቅ ሲል ሰንሰለቱ ተወጥሮ ጮኸ። ያዘ። መውቂያው መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆመ። ከኋላ ይከተል የነበረ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ሲቆም በአፍንጫውና በመውቂያው መካከል አንድ ሰው በጎኑ ማለፍ አይችልም ነበር። ማንም አልተጎዳም። አንዲት ተሳፋሪ ታቅፋው የነበረ ዶሮ ብቻ በመስኮት ወጥቶ ጠፋ።

ስዩም ወርዶ መውቂያውን ዞሮ አየ። ከዚያ ሹፌር ሁሉ እንደሚያደርገው ቅጠል ቆርጦ ከማሽኑ ወዲያና ወዲህ መንገዱ ላይ ለምልክት ዘረጋ። ምልክቱ ለምለም ነበርና የመንገድ ዳር ፍየሎች መጥተው በሉት። ሁለተኛ ቆረጠ፤ ሁለተኛም በሉት። ሦስተኛውን ቆርጦ ራሱ ይዞት ቆመ። በአንድ እጁ ቅጠሉን እያወዛወዘ በሌላው ለአቶ ሀብቴ ደወለ።

አቶ ሀብቴ በአብዱልሐሊም ባጃጅ እስኪደርሱ ድረስ ስዩም ነገሩን በልቡ አዘጋጅቶ ነበር፤ ጥፋተኛ ሳይሆን ተበዳይ ሊሆን ወስኗል። ሊቀመንበሩ ገና ሳይወርዱ ድንጋዩን ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳያቸው።

«ይዩልኝ! የሰው ጠላት እንዴት እንደሚሠራ ይዩልኝ!»

«ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይ ነው! ሥራውን ጨርሶ ትቶት የሄደ አለ። ይህ ሰው ነው? ነፍሰ ጡር የጫነ መኪና ቢመጣስ?» የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ከበቡት። ሰው ሲበዛ ድምፁም ከፍ አለ። «እኔ ዳኛ ብሆን አላስረውም። ይህንኑ ድንጋይ በትከሻው አሸክሜ፣ ከዚህ እስከ መርሳ በእግሩ፣ ሰው እያየው እነዳው ነበር!»

«እውነቱን ነው!» አለ የሚኒባሱ ሹፌር። ዶሮዋ የጠፋባት ሴት አጨበጨበች። አቶ ሀብቴ እንኳ ልባቸው ተነካ። «ሰውየው ከተገኘ ማህበሩም ይህንኑ ፍርድ ይደግፋል» አሉ።

አስካለ በዚህ ጊዜ ከባጃጁ የኋላ ወንበር እየወረደች ነበር። ስለ መውቂያው የምታውቀው ነገር የለም። ከውሃ ስትመለስ ልብ ሳትል ድስቷን በሁለት ጉልቻ ላይ ጥዳ ሽሮዋ አመድ ላይ ተደፍቷል፤ ጎረቤት ሁሉ ስትጠረጥር ውላለች፤ ስዩም ዳገቱ ላይ ቆሟል ሲባል ብትሰማ ስለ ጉልቻው ልትጠይቀው ተሳፈረች። ሰዉን ገፍታ ገብታ ድንጋዩን አየች።

«ጉልቻዬን!» ብላ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! እኔ ደህናዋን ጎረቤቴን በሌብነት አምቼ ልሙት?»

የሚኒባሱ ሹፌር ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየው።

«የማን ነው አልሽ፣ አስካለ?» አሉ አቶ ሀብቴ ቀስ ብለው።

«የኔ ነዋ! እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝ። ይኸው ጥላሸቱ! ልጆቹ ቆሎ በልተው ነው የዋሉት!»

ስዩም ወደ ሰማይ፣ ወደ ፍየሎቹ፣ ወደ ጫማው አየ። ከሦስቱም የሚረዳው አላገኘም። አብዱልሐሊም ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ስዩም» አለ፤ «በየትኛው ትከሻ ነው የሚሆነው?»

ሳቁ ሲበርድ አቶ ሀብቴ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ነበር የጠየቁት። ስዩም እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና በመጀመሪያ ማተቡን አወጣ።

«እሱን ለእግዜር ተወው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሌላውን።»

ቁልፉን ተቀብለው ወደ መውቂያው ዞሩ። የተበጠሰችውን ሽቦ አዩ፤ የተወጠረውን ሰንሰለት አዩ። «ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ» ማለት ይቻል ነበር። ምስክር አልነበረም፤ አዛውንቱም ሩቅ ናቸው። ስዩም አፉን ከፈተ። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አየ፤ ከመስኮቱ አንገቱን ያወጣ ሕፃን ሲያየው አገኘው።

«አቶ ኡበይደላ ናቸው» አለ። «እኔ ትቼው ነበር።»

አቶ ሀብቴ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው የፈረድከውን ራስህ ፈጽም። ድንጋዩ መርሳ ሲደርስ ቁልፉም ይመለሳል። መንገድ ላይ ካስቀመጥከው ግን ናትናኤል ሰደርያውን ለብሶ ይጠብቃል።»

ስዩም ጉልቻውን ተሸከመ፤ አቶ ሀብቴ መውቂያውን ከመንገዱ ሊያስነሱ እዚያው ቀሩ። አስካለ ከኋላው፣ አብዱልሐሊም በባጃጁ ከፊቱ፣ ቀስ እያለ። አስካለ አፏ አላረፈም። «ቀኝህን ያዝ! መኪና ነው! ቀስ፣ እንዳትጥለው፣ ይሰነጠቃል!»

«እኔስ ብሰነጠቅ?»

«አንተን ማን ድስት ይጥድብሃል?»

ትከሻው ሲቃጠል መንገድ ዳር ይቀመጥና ድንጋዩን ጉልበቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ መሬት ግን አላስነካውም። አብዱልሐሊም ሦስት ጊዜ «ግባ፣ ማንም አያይም» አለው። ሁለቱን ጊዜ ስዩም ሰደበው፤ ሦስተኛውን ጊዜ ግን ጥቂት አሰበበት። ወደ ከተማው መግቢያ ሲቃረቡ አስፋልቱ ላይ ሌላ ድንጋይ አገኙ፤ የሆነ ረዳት ትቶት የሄደ። ስዩም ቆመ። ጉልቻውን በትከሻው እንደያዘ፣ በእግሩ እየገፋ ድንጋዩን እስከ ቦይ አደረሰው።

«ይኸኛው የኔ አይደለም» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

መርሳ ሲገባ ሻይ ቤቶች ባዶ ሆኑ። ባለፈው ዓመት ሸራውን ተከትለው ከሮጡት አንዱ ብርጭቆውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠው። ቁልፉን ከአቶ ሀብቴ እጅ የተቀበለው ድንጋዩን ምድጃው ላይ አስቀምጦ፣ አስካለም እውነተኛ ቦታውን እስኪይዝ ሁለት ጊዜ ካስተካከለችው በኋላ ነው። ቀያዮቹን ታኮዎች ግን አልመለሰችም። ማህበሩ ለትራክተሩ ሌላ ሁለት አሠራ፤ እነዚህን ናትናኤል በገመድ ከመቀመጫው ጋር አሰራቸው። ስዩም ታኮውን ሳያነሳ ከተነሳ ገመዱ ይጎተትና ታኮው ከኋላው አስፋልት ላይ ይንኳኳል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተንኳኩቷል።

የፈነዳውን ጎማ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ብዙ ይወራል። ድንጋዩ ሠላሳ ኪሎ ነው የሚሉ አሉ፤ አብዱልሐሊም በባጃጁ አሳልፎት ስዩም ከከተማው በር ሌላ ድንጋይ አንስቶ ገባ የሚሉም አሉ። በወሬ አላምንምና ትናንት አስካለን አስፈቅጄ ጉልቻውን አየሁት። በአንድ ጎኑ ጥላሸት አለበት፤ በሌላው ጎኑ የጎማ ጥቁር ተለጥፎበታል፤ ስለጥፈው ከጎማው ላይ ቆርጬ ካስቀረሁት ቁራጭ ጥርስ ጋር አስተያይቼው ገጥሟል። ከዚያ እህል ነጋዴ ዘንድ ወስጄ፣ ሚዛኑን አስቀድሜ በአንድ ኪሎ ስኳር ፈትኜ፣ አስመዘንኩት። ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ነው።